ነገሯ ኋላ ናት

ባለቤቴ ደመላሽ ስኳር እንዳለበት ከታወቀ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በሽታውን ግን እንደ ቀልድ ነው የያዘው። ከተማው ውስጥ ስኳር ጠፍቶ ሰው በሰልፍ ሲጋፋ፣ የሱቄ በር ላይ ቆሞ «እኔ ጋ ሞልቷል፣ ምን አሰለፋችሁ?» እያለ ያስቃል። ኪኒኑን ሲያስታውስ ይውጣል፣ ሲረሳ ይተወዋል። ስቆጣው ደግሞ «አሴ፣ ያንቺ ምሬት ያመጣጥነዋል» ይለኛል። ስሜ አሰገደች ነው። ምላሴ ሹል መሆኑን ዲላ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አልክድም። ጉድ የሠራችኝም ይቺው ምላሴ ናት።

ደመላሽ ጨለለቅቱ አካባቢ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ተረካቢ ነበር። በቡና ወቅት ገበሬው የለቀመውን ቀይ እሸት በጆንያ ተሸክሞ ሲመጣ አይቶ የሚቀበለው እሱ ነው። ጆንያው ሲዘረገፍ አንዴ ይመለከትና «እዚህ ውስጥ ጥሬ አለ፣ ልቀሙት» ይላል። ሰው እጁን ከትቶ ሲፈልግ እውነትም አረንጓዴው ይወጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዓይኑ ነው የኖረው። በወቅቱ ሳምንቱን እዚያው ይሰነብትና እሑድ ወደ ዲላ ይመጣል፤ ከወቅቱ ውጪ ደግሞ ገበያው አጠገብ ባለችው የጨርቅ ሱቄ ከእኔ ጋር ይውላል። ልጅ አልሰጠንም። እሱ ለእኔ፣ እኔ ለእሱ ነበርን።

በ2001 ዓ.ም. የካቲት ላይ አንድ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሲመጣ «ይሄን ዝንብ አባርሪልኝ» አለኝ። ዝንብ አልነበረም። «እዚህ፣ ቀኝ ዓይኔ ላይ» እያለ እጁን ያወናጭፋል። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ክር፣ ጥቁር ነጥብ፣ አንዳንዴም ጭስ የመሰለ ነገር ይታየው ጀመር። ሱቅ ውስጥ ሰማያዊውን ጨርቅ አምጣ ስለው አረንጓዴውን ይዞ ይመጣል። ፈራሁ። ግን የፈራሁት ነገር ስም ነበረው፤ ስም ያለው ነገር ደግሞ ብዙም አያስፈራም። ሞራ ነው አልኩ።

ሞራን እናውቀዋለን። እናቱን እትዬ ገበያነሽን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ነበር። ከአዲስ አበባ ለዘመቻ የመጡ ሐኪሞች አይተው «አልበሰለም፣ ሲበስል ይምጡ» ብለው መለሷቸው። ዓመት ጠበቁ። በዓመቱ ዘመቻው ሲመለስ ሞራው ወጣላቸው፤ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነበርና «አንቺ፣ እንዲህ ከስተሻል እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት የዓይን ሕክምና ማለት መጠበቅ ሆነ። ጥሬ ቡና አይለቀም፣ ጥሬ ሞራ አይወጣ። ደመላሽ ይህን ሲናገር የሰማው ሰው ሁሉ ትክክል ነው እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

የሆነ ሆኖ መጋቢት ላይ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። እዚያ በቅርቡ የተመደበ ወጣት የጤና መኮንን ነበር፤ እንግዳ ይባላል። ከቡሌ ገጠር የመጣ የጌዴኦ ልጅ ነው፤ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። የደመላሽን ዓይን በመብራት እያየ ብዙ ቆየ። አንዴ ወደዚህ ይመልከቱ፣ አንዴ ወደዚያ ይመልከቱ እያለ አንገቱን አደከመው። ከዚያ ለደም ምርመራ ወደ ላቦራቶሪ ላከውና እኔን አስቀረኝ። አንድ ወረቀት በእንግሊዝኛ ጽፎ ሰጠኝ። ያለኝ ነገር አንድም ቃል ሳይጎድል ትዝ ይለኛል።

«እትዬ፣ ሞራ የለችም። ነገሯ ኋላ ናት። ሐዋሳ ሂዱ።»

ሞራ የለችም ማለት ገና አልወጣችም። ነገሯ ኋላ ናት ማለት ትቆያለች። ሐዋሳ ሂዱ ማለት ያኔ፣ ስትበስል። እንዲህ ነው የሰማሁት። ታቦት አስይዘው ቢያስምሉኝም እንዲህ ነው የሰማሁት። ልጁን አመስግኜ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ደመላሽ ደሙን ሰጥቶ ሲመለስ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። «ሞራው ገና ነው፤ ይብሰል፣ ኋላ ኑ ብሏል» አልኩት። «ይብሰል» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ልጁ አላለም። ያኔ ግን የጨመርኩ አልመሰለኝም፤ የተሰባበረ አማርኛ ያቃናሁለት ነው የመሰለኝ።

የደሙ ውጤት ስኳሩ በጣም ከፍ ማለቱን ያሳይ ነበርና ኪኒን ጨመሩለት። እሱን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም፤ ስኳሩ ሌላ፣ ዓይኑ ሌላ ነበር ለእኛ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እየተባባልን ክረምቱን አለፍነው። ዝንቦቹ በዙ። አንዳንድ ጠዋት «ዛሬ ደግሞ ሙሉ መንጋ ነው» ይላል። እኔም እየበሰለ ነው፣ ጥሩ ነው እለው ነበር። ጥሩ ነው! ይህን አፌን ምን ባደርገው ይሻላል?

መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ከሱቄ ደጃፍ ላይ ከደንበኞች ጋር ስከራከር የጤና መኮንኑ እንግዳ አለፈ። አየኝና ተመለሰ። ነጩን ጋዋን አልለበሰም፤ በእጁ ጎመን ይዟል። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ጋሼ ደመላሽ ሐዋሳ ሄዷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት ሴቶች ጨርቅ እያገላበጡ ቆመው ያዳምጣሉ። ጢም ያላወጣ ልጅ በሰው ፊት ስለ ባሌ ሊቆጣጠረኝ መጣ አልኩ በሆዴ። ደግሞስ ኋላ ያለው ራሱ አይደል? «ሄዷል፣ ሄዷል» አልኩት፣ ቀና ብዬም በደንብ ሳላየው። ፊቱ በራ። «ጎበዝ፣ እትዬ። እሷ አትጠብቅም» ብሎኝ ሄደ።

እሷ አትጠብቅም። ጆሮዬ ደኅና ነበር፣ በትክክል ሰምቻለሁ። ኋላ ያለ ሰው እንዴት መልሶ አትጠብቅም ይላል ብዬም ቆም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቆም ብያለሁ። ከዚያ አንደኛዋ ሴት ይሄ ጨርቅ ሲታጠብ ይለቃል ወይ አለችኝና ወደ እሷ ዞርኩ። የቡናው ጣቢያ በሳምንቱ ሊከፈት ነበርና ማታ ቤት ስገባ ደመላሽ ልብሱን ሲቋጥር አገኘሁት። ብነግረው ለምን ሄዷል አልሽ ብሎ ይጠይቀኛል። ወቅቱ ይለፍ፣ ለገና እንሄዳለን አልኩ። ለራሴ ቃል ገባሁና ተኛሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ገበሬው ተሰልፎ ጆንያውን ሲዘረግፍ ደመላሽ «ማነው ቀለም የደፋበት?» አለ አሉ። ሰዎቹ ተያዩ። እሸቱ ቀይ ነው፣ ንጹሕ ነው። «ጥቁር ቀለም ደፍታችሁበታል እኮ» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ቀና ሲል ቀለሙ ሰማዩም ላይ ነበር። ወዲያው ስልክ ደወለልኝ። «አሴ፣ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ፈሰሰ» አለኝ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም፤ የልጅ ድምፅ ነበር። በሞተር ይርጋጨፌ ድረስ አምጥተው አውቶቡስ ላይ አሳፈሩት። ዲላ ሲወርድ የአውቶቡሱን ደረጃ በእግሩ እየዳበሰ ነበር። መናኸሪያው መሐል ቆሜ አለቀስኩ፤ ማን አየኝ አላልኩም።

ሐዋሳ አንድ ቀን አላቆዩንም። አይተው፣ ተነጋግረው፣ አዲስ አበባ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ላኩን። እዚያ የተቀበለችን ዶክተር ውዳሴ የምትባል፣ ዓይኗ በድካም የቀላ፣ አነጋገሯ ግን ረጋ ያለ ሴት ናት። ጠብታ አድርጋ፣ ጨለማ ክፍል አስገብታ፣ በመነጽሯ ረጅም ጊዜ አየችው። ስትጨርስ «ሞራው በስሏል መሰለኝ፣ ያውጡልን» አልኳት።

«ሞራ አይደለም፣ እናቴ» አለችኝ። «ሞራ ከፊት ነው። የእሳቸው ችግር ከኋላ ነው፤ ከዓይን ኋላ።»

ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ሞራ የለችም፣ ነገሯ ኋላ ናት። ልጁ ጊዜ አልነበረም የነገረኝ፤ ቦታ ነበር የነገረኝ። ከዓይን ኋላ ናት ሊለኝ ፈልጎ «ከ»ን ዋጣት። አንዲት «ከ»! ስምንት ወር ሙሉ የባሌ ዓይን በዚያች ፊደል ቀዳዳ ሲፈስ ነበር፤ እኔም ቁጭ ብዬ እየበሰለ ነው እል ነበር።

ደመላሽ ግን የእኔን ሁኔታ አላየም፤ ማየትም አይችልም። እንደ ሥራ ሰው ምኑ እንደተበላሸ ለማወቅ ጥያቄ ይጠይቃል። ዶክተሯም አልሰለቸችም። ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ አለችው። ሽፋኑ የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጡ የሚያስፈልገውን የሚሠራበት ቦታ አለው። ደም ውስጥ ስኳር ለዓመታት ሲበዛ ሥራው ከአቅም በላይ ይሆንበታል፤ የሚሠራው ነገር እየተጣመመ ይወጣል፤ የተጣመመው ውስጡ ይከመራል።

«ያን ጊዜ ሕዋሱ ይጨነቃል» አለች።

«ይጨነቃል?» ደመላሽ ሳቅ ሊል ቃጣው። «እንደ ሰው?»

እንዲያው ነው የምንለው፣ የሕዋስ ጭንቀት ነው የሚባለው አለችው። መጀመሪያ ይታገላል፤ ሥራውን ይቀንሳል፣ የተበላሸውን ይጠርጋል፣ ራሱን ለማዳን ያለውን ሁሉ ያደርጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለቤቱ ምንም አያውቅም። አያመውም፣ አይቆረቁረውም፣ ጥርት አድርጎ ያያል። ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ። ሲያቅተው ግን ወይ ራሱን ያጠፋል፣ ወይ አየር አጠረኝ ድረሱልኝ እያለ መልእክት ይልካል። መልእክቱን ሰምተው አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ግን በጥድፊያ የበቀሉ ናቸውና ስስ ናቸው፣ ደም አይቋጥሩም። ቀለም የመሰለው እሱ ነው፤ ደሙ ነው።

ደመላሽ ገባኝ አላት። እሸቱ በአንድ ሳምንት ሲደርስ መፈልፈያው ከአቅሙ በላይ ይጫንበታል፤ ያልተፈለፈለው ተከምሮ ይሞቃል፣ ይበላሻል። ሠራተኛው ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቶ ይወጣው ይሆናል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ግን ማን ይችላል አላት። ዶክተሯ ከእኔ የተሻለ አስረዱት ብላ ፈገግ አለች። እኔ ፈገግ አላልኩም። ያ ሁሉ ትንንሽ ነገር ዓይኑ ውስጥ ሆኖ ድረሱልኝ ሲል፣ እሱ የሱቄ በር ላይ ቆሞ እኔ ጋ ሞልቷል እያለ ሲያስቅ ታየኝ። አንድ ትራስ ላይ ተኝተን አልሰማነውም።

ቀኝ ዓይኑ ብዙ ተስፋ እንደሌለው፣ ሽፋኑ እየተሳበ መላቀቁን ነገረችን። ግራው ላይም ያው ነገር ጀምሯል፤ በሌዘር ልታቆመው ትሞክራለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«በመጋቢት መጥታችሁ ቢሆን ሁለቱንም እናተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። ይሄ የሚጠብቅ በሽታ አይደለም። ጠብቁ ያላችሁ ማነው?»

«የጤና ጣቢያችን ልጅ ነዋ» አለ ደመላሽ። «ይብሰል፣ ኋላ ኑ ብሎ መለሰን።»

ወረቀት አልጻፈላችሁም ወይ ብላ ጠየቀችው። አልጻፈም አላት፤ እሱ አላየውማ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቦርሳው ጭኔ ላይ ነበር። ዶክተሯ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ የቦርሳዬን ዚፕ በሁለት እጄ ያዝኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ አፌ ውስጥ የቀረው ግን የባሰ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደመላሽን ወረፋው ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ተመልሼ ገባሁ። አንዱን ዓይኔን አውጥታችሁ ስጡት አልኳት። ካስፈለገም ሁለቱንም፤ እኔ ጨርቅ በጣቴ ዳብሼ እለያለሁ፣ እሱ ግን ያለ ዓይን ምን ይሠራል አልኳት። አልሳቀችብኝም። የዓይን ፊቱ ቢሆን ከሞተ ሰው ተወስዶ ይተከላል፤ የኋላው ግን ከአንጎል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከማንም ለማንም አይሰጥም አለችኝ። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ኮሪደሩ ላይ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስኩ፣ ደመላሽ ድምፄን እንዳይለየው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወራት ማውራት አልወድም። ለሌዘር ከዲላ አዲስ አበባ አራት ጊዜ ተመላለስን። ጠበል ሄድን። ሽፈራው ጥሩ ነው ሲሉኝ ቅጠሉን አድርቄ ወቅጬ አጠጣሁት፤ አብሽ ሲሉኝ አብሽ፣ ሬት ሲሉኝ ሬት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ የሚባለው ለእኔ ነው። ደመላሽ አሁን ኪኒኑን ሰዓት ጠብቆ ይውጣል፣ ጣፋጭ አይቀምስም፣ አይቀልድም። በሰኔ የግራ ዓይኑ የሰው ፊት መለየት አቆመ። ብርሃን መኖሩን ያውቃል፣ አንድ ሰው በፊቱ ሲያልፍ ጥላው ይታየዋል፤ በቃ። አንድ ጠዋት ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረው። ረጅም ጊዜ ይዞኝ ቆየ። ከዚያ ለቀቀኝ።

የቀረለት ነገር ቁጣ ነበር፤ ቁጣውም በእንግዳ ላይ። ሱቁ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያልፈው ሁሉ ይናገራል። ያ ልጅ ነው ያሳወረኝ፤ ይብሰል ብሎ፤ ኋላ ና ብሎ። ወሬው ከተማውን ሁሉ አዳረሰ። የባጃጅ ሾፌሮች ልጁን «ዶክተር ኋላ» የሚል ስም አወጡለት። እናቶች ልጆቻቸውን እሱ ጋ አናስመረምርም፣ ሌላ ይምጣልን ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን በሱቃችን ፊት ሲያልፍ አንዱ ሾፌር «ዶክተር፣ አሁን ልሂድ ወይስ ኋላ?» ብሎ ጮኸበት፤ ሰው ሳቀ። እንግዳ ራሱን አቀርቅሮ አለፈ። እኔ ጨርቅ አጥፍ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ አጠፍኩ። ሆዴ ግን አልፈጀውም፤ እሱ ነው ሆዴን የፈጀው። ምግብ አልወርድ አለኝ። ደመላሽ መክሳቴን አላየም።

በ2003 መስከረም፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እንግዳ ቤታችን መጣ። በሩን ስከፍትለት ያ ጢም ያላወጣ ልጅ ያረጀ መሰለኝ። አቮካዶ ይዟል፤ ስኳር የማያበዛ ፍሬ መርጦ ማምጣቱ ነው። ከዲላ ለቆ ርቆ ወደሚገኝ ገጠር በራሱ ጥያቄ ተዛውሮ ሊሄድ መሆኑን ነገረኝ። ድምፁን ሲሰማ ደመላሽ ከመቀመጫው ሊነሣ ተንቀሳቀሰ፤ ሊመታው መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ቀድሞ ሄዶ እግሩ ሥር ተንበረከከ።

«ጋሼ ደመላሽ፣ እኔ ያኔ ‹ኋላ ናት› ብዬ ነው። ‹ከኋላ› ማለት ነበረብኝ። ብዙ አሰብኩ፣ አሁን ነው የገባኝ። እኛ ቤት ጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛ ስቸኩል ትወድቅብኛለች። አንዲት ‹ከ› ጥዬ ዓይንዎን ጣልኩት። ይቅር በለኝ።»

አንቱና አንተው ተደባለቀበት። ወራት ሙሉ ሲሰድበው የኖረው ደመላሽ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ልጁ ያን ጊዜ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። በዚያ አስተያየቱ ውስጥ የገበያው ቀን ነበር፤ ጎመኑ፣ ሦስቱ ሴቶች፣ «ሄዷል፣ ሄዷል» ያልኩት። እትዬን ጠይቄያት ነበር ብሎ ቢናገር አንድ አፍታ ነው የሚፈጅበት። አልተናገረም። መልሶ አቀረቀረ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ደመላሽ እጁን አንሥቶ የልጁን ራስ እየፈለገ ነው፤ ይቅር ሊለው ነው። ነገሩ በዚያው ሊዘጋ ነው። ልጁ ያላጠፋውን ተሸክሞ ገጠር ይገባል፣ እኔ ከባሌ ጋር እኖራለሁ። ይህንን ሁሉ በዚያች አፍታ አሰብኩ፤ መመኘቴንም አልደብቅም።

«ደሜ» አልኩት። «አምና መስከረም ገበያ ላይ አግኝቶ ጠይቆኛል። ሄዷል ብዬዋለሁ።»

የደመላሽ እጅ አየር ላይ ቆመ።

«ሄዷል አልሽው?»

«አዎ።»

«የት?»

«ሐዋሳ።»

የቀረውንም ነገርኩት። ‹ይብሰል› የምትለው ቃል የእኔ መሆኗን፣ ወረቀት መጻፉን፣ ወረቀቱ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን፣ ልጁ አትጠብቅም ብሎኝ መሄዱን ነገርኩት። አዲስ አበባ ዶክተሯ ስትጠይቅም ቦርሳው ጭኔ ላይ እንደነበር ነገርኩት። ለምን አለኝ፤ ይህችን አንዲት ቃል ብቻ። የቡናው ጣቢያ ሊከፈት ነበር ልል አሰብኩ፣ ሞራ መስሎኝ ነው ልል አሰብኩ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም መልስ አይደለም።

«ሰዎች ቆመው ነበር» አልኩት። «በሰው ፊት አፈርኩ።»

ደመላሽ የልጁን ትከሻ አገኘና አስነሣው። ፊቱን በመዳፉ ዳበሰው፣ ግንባሩን ሳመው። «ልጄ፣ ስምህን በከተማው ሁሉ አጠፋሁት» አለው። ከመሄድህ በፊት ነገ መጥተህ ውሰደኝ፣ ቤት ለቤት፣ ባጃጅ ተራ ድረስ ትመራኛለህ፤ ውሸት ነበር ብዬ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ አለው። እንግዳ «አያስፈልግም፣ ጋሼ» እያለ ያለቅስ ነበር። ነገ ጠዋት ና አለው እንደገና። ልጁ እሺ ብሎ ሲወጣ ወደ እኔ አላየም። በሩን ዘጋሁለት።

ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ቀረን። እንዲጮህብኝ ፈለግሁ። ስድብ፣ ዱላ፣ ምንም ይሁን፤ የሚመጣ ነገር ከእሱ እንዲመጣ ፈለግሁ። እሱ ግን ወደ ሽንት ቤት ለመሄድ ተነሣ። ከሰኔ ወዲህ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ነው የሚወጣው፤ እንደ ወትሮው ትከሻዬን አስጠጋሁለት። እጁ ነካኝና ተመለሰ። በሌላው እጁ ግድግዳውን ፈለገ፣ አገኘው፣ እየዳበሰ ወጣ።

ተከተልኩት። የበረንዳው ጫፍ ላይ ግድግዳው ያልቃል። ከዚያ እስከ ሽንት ቤቱ ዘጠኝ እርምጃ ሜዳ ነው፤ የሚያዝ ነገር የለውም። እዚያ ሲደርስ ቆመ። አንድ እጁን ግድግዳው ላይ ትቶ ሌላውን ወደ ፊት ዘረጋ፣ ወደ ግራ ወሰደው፣ ወደ ቀኝ ወሰደው። ከእሱ ሁለት ክንድ ርቄ ነበር የቆምኩት፤ ትንፋሼ ይሰማዋል። ስሜን እስኪጠራ ጠበቅሁ። አልጠራኝም።